ከቋጠሮው በታች የበቀለው ማንጎ

ከጎንደር ወደ ትክል ድንጋይ የምትሄደው ሚኒባስ ለመነሳት አንድ ሰው ብቻ ይቀራታል ከተባለ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ሦስት ሰው አስገብቷል፤ አሁንም አንድ ሰው ይቀረዋል። አያ ምንይችል በመስኮቱ በኩል ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል፤ ሐኪም ያዘዘላቸውን የዓይን ጠብታ በደረት ኪሳቸው እየዳበሱ ይህን ሁሉ በትዝብት ያያሉ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ በአገራቸው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ድንበር የሚያካልሉ ሽማግሌ ናቸው። እርሳቸው የተናገሩትን ቀበሌው ተቀብሎ ይደግመዋል። ይህንንም አሳምረው ያውቁታል።

በመጨረሻ የገባችው ወጣት ሴት ከጎናቸው ተቀመጠች። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፋለች፤ በእግሯ መካከል ደግሞ የፍራፍሬ ካርቶን አስቀምጣለች። መኪናዋ ስትነሳ ከጨርቁ የወረደው ውሃ የሽማግሌው ጋቢ ላይ ጠብ አለ።

"ይቅርታ አባቴ፣ አረጠብሁዎት" አለች ደንግጣ።

"ግድ የለም ልጄ፣ ውሃ ነው። ምንድን ነው ይህን ያህል ያቀፍሽው?"

"የማንጎ ቅርንጫፍ ነው። የትነበርሽ እባላለሁ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስለ ፍራፍሬ ተምሬ እዚያው እሠራለሁ። ትክል ድንጋይ ችግኝ የሚያፈሉ ገበሬዎች አሉ። ለእነርሱ ማዳቀያ ይዤ መሄዴ ነው።"

ማዳቀያ የሚለውን ቃል ሲሰሙ የአያ ምንይችል ፊት ጠቆረ።

"የተዳቀለ ማንጎ ለማብቀል?"

"አዎን አባቴ።"

"ምነው ልጄ! ሸጋ ልጅ መስለሽኝ ነበርኮ።"

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። የትነበርሽ ግን አልተቀየመችም። እንዲህ ያለ ነገር ከብዙ አዛውንት ሰምታለች፤ መስማትም ልምዷ ነው።

"ምን አገኙበት?" ስትል በትሕትና ጠየቀች።

"ውሸት ነዋ ያገኘሁበት! የዛሬ ስድስት ዓመት ከትክል ድንጋይ በታች፣ በእኛ ቀበሌ፣ ችግኝ ታደለ። ቶሎ ያፈራል፣ ፍሬው ጭራ የለውም፣ እንደ ማር ነው ተባለ። ሁለት ወሰድሁ። አንዱን ፍየል በላው። ሌላውን ከምንጭ የሚወርደውን ውሃ አጠጥቼ፣ አጥር አጥሬ እንደ ልጅ አሳደግሁት። ዘንድሮ አፈራ። ምን ቢያፈራ ጥሩ ነው? ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥርስ መካከል ገብቶ ሦስት ቀን የማይወጣ ጭራ! ጠረኑ እንደ ላምባ! አባቴ ከዘር የተከሉት አሮጌው ማንጎ ይሻላል።"

"እንዲህ ሊሆን አይችልም" ብላ ጀመረችና የሽማግሌውን ዓይን አይታ ታረመች። "ማለቴ፣ እንዲህ የሆነበት ምክንያት ይኖራል።"

"ምክንያቱማ መታለሌ ነው። እኔ ግን ሰው እንዲታለል አልፈቅድም። ሰንበቴ ላይ ቆሜ ለሁሉም ተናገርሁ። ዘንድሮ ችግኝ ሊወስዱ የተመዘገቡ ዘጠኝ ቤቶች ስማቸውን አሰረዙ። ጎረቤቴ እጅጋየሁ ባሏ የሞተባት ናት፤ ለአምስት ማንጎ ጉድጓድ አስቆፍራ ነበር። በእኔ ቃል ጉድጓዱን መልሳ ደፈነችው። እኔም ሰኞ ዛፉን ጥዬ ባህር ዛፍ እተክልበታለሁ። መጥረቢያው ተስሏል።"

ይህን በኩራት ነበር የተናገሩት። ለእውነት የቆመ ሰው ኩራት ነው፤ አንድም ቀን አውቆ ያልዋሸ ሰው ኩራት። እንዲህ ያለውን ሰው ማሳመን ከባድ ነው፤ የተሳሳተ ዕለት ግን ራሱን የሚምር አይደለም።

መኪናዋ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። የትነበርሽ ነገሩን በሌላ በኩል ያዘችው።

"የማንጎ ዘር ቢተክሉ ልጁ እንደ እናቱ አይወጣም፤ ያውቃሉ?"

"እንዴት አይወጣም? ጤፍ ዘርቼ ጤፍ አጭዳለሁ።"

"ማንጎም ማንጎ ይሆናል፣ አባቴ። ምን ዓይነት ማንጎ እንደሚሆን ግን አይታወቅም። እርስዎና ወንድምዎ ከአንድ አባትና እናት ወጥታችሁ ጠባያችሁ አንድ ነው?"

"እግዜር አያድርገው!" አሉ አያ ምንይችል ሳያስቡት፤ መኪናው በሙሉ እንደ ገና ሳቀ።

"እንግዲያው ጣፋጭነቱ የተመሰከረለትን ዛፍ ቅርንጫፍ ወስደን ከዘር በበቀለ ችግኝ ላይ እንሰፋዋለን። ከታች ያለው ሥር ሆኖ ያበላል፤ ከላይ ያለው ያንኑ የተመሰከረለትን ፍሬ ይሰጣል። ከዘር ሰባት ስምንት ዓመት የሚያስጠብቀው በአራት ዓመት ገደማ ያፈራል።"

"የአክስቴ ልጅ ኮሶዬ ነው፤ እርሱም ማንጎ ተክሎ በውርጭ ነው የደረቀበት። ይህስ የማን ምክንያት ነው?"

"የቦታው ነዋ! ማንጎ ሙቀት ይወዳል። ከትክል ድንጋይ በታች ላለው ለእርስዎ አገር እንጂ ለኮሶዬ መች ይሆናል? ኮሶዬ አፕል ይተከላል፤ ብርዱን ይፈልገዋል። ጎንደር ከተማ ግቢ ያለው ሰው አቮካዶና ኮክ ቢተክል ይሻለዋል፤ ዘይቱንም ከቤት ጥግ ፀሐይ ካገኘ አያሳፍርም። ፓፓያ ደግሞ ቆላ ቢሆንም ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይወድም፤ በአንድ ሳምንት ሥሩ ይበሰብሳል። አብዛኛው ወንድና ሴት አለው፤ አንድ ብቻ ተክሎ ወንድ ከወጣ አበባ እያየ ይኖራል። ሰው ጎረቤቱ ያለውን አይቶ ይተክላል እንጂ መሬቱን አይጠይቅም።"

ነገሩ አያ ምንይችል ጆሮ ገብቷል፤ ሽንፈት መስሎ እንዳይታይባቸው ግን በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ።

"አባቴ፣ ነገ ጠዋት ዛፉን ልየው። ችግኙን ያደልነው እኛው ነን፤ ካጠፋን አጥፍተናል እልዎታለሁ።"

"እናንተ ካላጠፋችሁስ?"

"እርሱን እርስዎ ይወቁት።"

ሽማግሌው ዘወር ብለው ፊቷን አዩ። "ነይ። ጥፋቱ የእናንተ አለመሆኑን በዓይኔ ካሳየሽኝ ባወራሁበት አፌ፣ በዚያው ሰንበቴ ላይ እመልሰዋለሁ። ምንይችል ቃሉን አያጥፍም።"

በማግስቱ አርብ የትነበርሽ ካርቶኗን ተሸክማ፣ ከትክል ድንጋይ የአንድ ሰዓት መንገድ ቁልቁል ወርዳ ደረሰች። ቤታቸው ከምንጩ ግርጌ ነው። በአጥሩ አንድ ጥግ አባታቸው የተከሉት አሮጌ ማንጎ አለ፤ ቅጠሉ ላይ ነጭ ተባይ ሰፍሮበት ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በሌላው ጥግ ያ የተፈረደበት ዛፍ ቆሟል። ወፍራም፣ ለምለም ነው። መጥረቢያው ግንዱን ተደግፏል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ እቴነሽ እንግዳዋን በእርጎ ተቀበሉ። የትነበርሽ ዛፉን ከማየቷ በፊት ሰፌድ ለመነች፤ ከካርቶኑ አራት ዓይነት ማንጎ አውጥታ፣ ከአያ ምንይችል ዛፍ የወደቀውንም ጨምራ እየቆረጠች ደረደረች።

"እማማ፣ ይቅመሱና ይፍረዱ። እኔ ምንም አልናገርም።"

ወይዘሮ እቴነሽ በመፍረድ ከባላቸው አያንሱም። መጀመሪያ ቀይ ቆዳ ያለውን አነሡ። "ይኸኛው መልኩ ያምራል፤ ሥጋው ጠንካራ ነው። ጥቂት ጭራ አለው፤ ጣዕሙም ደኅና ነው እንጂ አያስደነግጥም።"

"ቶሚ ይባላል። ጥንካሬው ነው ጥቅሙ፤ በጭነት ሩቅ ቢሄድ አይበላሽም። ለሚነግድ ሰው እንጂ ለቤት መጀመሪያ የምመርጠው እርሱን አይደለም።"

"ይህ ክብ፣ ቢጫው... ምነው እናቴ! ሽታው ራሱ ያጠግባል።"

"አፕል ማንጎ ነው፤ ስሙ ነው እንጂ አፕል አይደለም። ለልጆች የሚሆን እርሱ ነው። አበባው ግን በጉምና በዝናብ በሽታ ቶሎ ይይዘዋል፤ አየር የሚያገኝ ቦታ ይፈልጋል።"

"አረንጓዴው ጥሬ አይደለም እንዴ?"

"ይቅመሱት።"

ወይዘሮ እቴነሽ ቀመሱ፤ ሌላ ቁራሽ አነሡ። የትነበርሽ ሳቀች። "ኪት ነው። ሲበስልም አረንጓዴ ነው፤ በመልኩ የሚፈርድ ሰው ሳይበላው ያልፋል። የሌላው ማንጎ ወቅት ሲያልቅ እርሱ ገና ይደርሳል፤ ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ ከሌላው ጋር ቢተከል ፍሬው አንድ ጊዜ ጎርፎ አንድ ጊዜ አይጠፋም። የመጨረሻው ኬንት ነው።"

ኬንትን ሲቀምሱ ወይዘሮ እቴነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እኔ ሌላ አላውቅም። ይህን ትከሉልኝ።"

ከዚያ የራሳቸውን ዛፍ ፍሬ ቀመሱ፤ ጭራውን ከጥርሳቸው እየጎተቱ ባላቸውን አዩ። አያ ምንይችል ፊታቸውን አዙረው የኬንቱን ዘር ይግጡ ነበር፤ ጭማቂው ጢማቸው ላይ እየወረደ።

"አየሁህ!" አሉ ወይዘሮ እቴነሽ።

"እየመረመርሁ ነው" አሉ አያ ምንይችል።

የትነበርሽ ወደ ዛፉ ሄደችና ከግንዱ ሥር ተንበረከከች። ሣሩን በእጇ ገልጣ ቅርፊቱን ዳበሰች። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በጎን በኩል የደረቀ፣ ጥቁር ጉቶ አለ፤ አውራ ጣት የሚያህል። ዛፉ ወፍሮ ሊውጠው ትንሽ ቀርቶታል። ጉቶውን በጥፍሯ ፈቀፈቀችው።

"አያ ምንይችል፣ ይህን ማን ቆረጠው?"

"እኔ ነኛ!" አሉ ሽማግሌው ቀና ብለው። ሥራቸው በመታየቱ ደስ ብሏቸዋል። "ሲሰጡኝ ታሞ ነበር የመጣው። እዚህ ጋ ቆስሎ በላስቲክ አስረውታል። ላስቲኩን ፈታሁለት። ከቁስሉ በላይ ያለው ቀጭን ነው፤ ሦስት ቅጠል ብቻ፣ አያድግም፣ ይገረጣል። ከቁስሉ በታች ግን ቀይ፣ ለስላሳ፣ ሸጋ ቡቃያ ወጣ። በሳምንት ስንዝር ያድግ ነበር። ታዲያ በሽተኛው ጤነኛውን እንዳያዳክመው በሽተኛውን ቆረጥሁና እበት ቀባሁለት። ይኸው፣ ጤነኛው ይህን አክሏል።"

የትነበርሽ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ያሸነፈች ሰው አልመሰለችም፤ ይልቅ መርዶ የያዘች ትመስላለች። አያ ምንይችል ዓይናቸው ቢደክምም የሰው ፊት ማንበብ አልተዉም፤ ደስታቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ።

"ምነው ልጄ? ተናገሪ።"

"ላስቲኩ የታሰረው ቁስል ላይ አልነበረም፣ አባቴ። ማንጎው የተሰፋበት ቋጠሮ ነበር። ከቋጠሮው በላይ ያለው ያ ቀጭኑ... ያን ዓመት ያደልነው፣ አሁን የቀመሱት ኬንት ነበር። ከታች የወጣው የሥሩ ነው፤ ከዘር የበቀለው። እርሱ ሁልጊዜ ቀድሞ ይሮጣል፤ የላይኛው መጀመሪያ ዓመት ቀስ ይላል። የታችኛውን እያነሡ የላይኛውን መጠበቅ ነበር።"

አያ ምንይችል ቆመው ቀሩ። ጉቶውን አዩት። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት።

"ኬንቱን... እኔ ነኝ የገደልሁት?"

የትነበርሽ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"ታዲያ ምነው አልነገሩኝም!" ሲሉ በድንገት ጮኹ። "ስድስት ዓመት! አንድ ሰው መጥቶ ምንይችል ያችን ቡቃያ አንሣት ቢለኝ ምን ነበረበት? ችግኙን ከመኪና አውርዶ፣ ስም ጽፎ፣ አስፈርሞ መሄድ ብቻ ነው ሥራው?"

የትነበርሽ ልትከራከር ትችል ነበር። አልተከራከረችም። በዚህ ነው የተማረ ሰው የሚለየው፤ እውነት ከማንም አፍ ቢወጣ እውነት ነው ብሎ መቀበል ያውቃል።

"ልክ ነዎት። እኛ ችግኝ ቆጥረን እንሰጣለን እንጂ ዕውቀቱን አብረን አናስረክብም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ በትላንቱ ቃሌ መሠረት አጥፍተናል እልዎታለሁ።"

ይህ ቃል ሽማግሌውን ከቁጣ ይልቅ አስጨነቃቸው። ጥፋቱን ሁሉ ወደ እርሷ መግፋት ይችሉ ነበር፤ በሩን ራሷ ከፍታላቸዋለች። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጥቂት አሰቡ።

"አይ" አሉ በመጨረሻ። "አለመንገሩ የእናንተ ነው። መቁረጡ የእኔ ነው። ሳልጠይቅ ቆረጥሁ፤ ሳልጠይቅ አወራሁ። መቁረጡስ የአንድ ዛፍ ነው። ያወራሁት ግን ዘጠኝ ቤት ገባ።"

"ዛፉ አልሞተም፣ አያ። መጥረቢያውን ይተዉት። ሥሩ ጤነኛ ነው፤ ያልተሳካው የላይኛው ብቻ ነው። ፍሬው ካለቀ በኋላ ደረትዎ ድረስ በመጋዝ ያሳጥሩት፤ አዲስ ቡቃያ ሲያወጣ ሦስት አራቱን መርጬ በላያቸው ኬንትና ኪት እሰፋለሁ። የዚህን ያህል ሥር ስላለው በሁለት ሦስት ዓመት ፍሬ ያያሉ።"

"ባህር ዛፉስ? እርሱኮ ጠባቂ አይፈልግም፤ ቋሚ ሆኖ ይሸጣል።"

"ባህር ዛፍ አትትከሉ አልልም። ወደ ላይ ተረተሩ ላይ ይተከል። እዚህ ምንጭ አጠገብ ቢተከል ግን ውሃውን መጥጦ ለጎመንዎም አይተርፍም። ማንጎው ጥላ ይሰጣል፣ ልጆች ይበላሉ፣ የተረፈው ይሸጣል፤ ዛፉም ሳይቆረጥ በየዓመቱ ይመለሳል።"

"የአባቴን ማንጎ ደግሞ ቁረጥ ልትዪኝ ነው?"

"የለም። እርሱ መታጠብና አየር ማግኘት ነው የሚያሻው። መካከሉን እናሳሳለት፤ ተባዩ የሚወደው ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ነው። የአባትዎ ሆኖ ይኑር።"

አያ ምንይችል ተነሥተው መጥረቢያውን ከግንዱ ላይ አነሡና ወደ ቤት አስገቡት።

እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሰንበቴው ተሰበሰበ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ዞረ። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ጸሎት አሳርገው ሲቀመጡ አያ ምንይችል ተነሡ። ስንት ነፍስ የጠፋበት ደም ያደረቁ ሰው፣ ስለ አንዲት ቡቃያ ለመናገር ጋቢያቸውን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ።

"ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ" አሉ። "እዚሁ ቆሜ የተዳቀለ ማንጎ ውሸት ነው ብያችሁ ነበር። ውሸታሙ እኔ ነኝ።"

ጽዋ የያዘው እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ።

ሁሉንም ነገሯቸው፤ ላስቲኩን፣ ጉቶውን፣ ጤነኛ የመሰላቸውን ቡቃያ። ምንም አላስቀሩም፤ እበት መቀባታቸውን ጭምር ተናገሩ። ጥቂት ወጣቶች ሊስቁ ሲሉ ቄሱ በዓይናቸው ገሠጿቸው።

"እንግዲህ ስሙኝ። ችግኝ ስትወስዱ የት ላይ እንደተሰፋ ጠይቁ። ቋጠሮው ከአፈር በላይ ይሁን። ከቋጠሮው በታች የሚወጣውን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በጣታችሁ አንሡ። የመጀመሪያውን ዓመት አበባም አርግፉት፤ ሕፃን ልጅ ሸክም አይሸከምም። ኬንትና ኪት ትከሉ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል። ፓፓያ የምትተክሉ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ምረጡ። ይህን እኔ አልፈጠርሁትም፤ ከልጅ ተማርሁ። ስማችሁን ያሰረዛችሁ በእኔ ነው ያሰረዛችሁት፤ በእኔ አስመልሱት።"

ከሴቶቹ በኩል እጅጋየሁ ተነሣች። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት።

"አያ ምንይችል፣ ጉድጓዶቹን ቆፍሮ የሰጠኝ ወንድሜ ነበር። አሁን መተማ ሄዷል። በእርስዎ ቃል ደፍኛቸዋለሁ። ማን ይቆፍርልኝ?"

ይህ ጥያቄ እንጂ ወቀሳ አልነበረም። እርሳቸው ግን ወቀሳ አድርገው ተቀበሉት፤ መቀበልም ነበረባቸው።

"እኔ" አሉ።

ሰኞ ጠዋት፣ ዛፉን ሊጥሉበት በነበረው ቀን፣ አያ ምንይችል ዶማቸውን ይዘው እጅጋየሁ ግቢ ገቡ። የመንደሩ ጎልማሶች "እኛ እንቆፍር" ቢሏቸው እንቢ አሉ፤ እየቆሙ፣ እየተነፈሱ፣ ሦስት ቀን ፈጅተው አምስቱንም ጨረሱ። ኮምፖስቱንም ራሳቸው ተሸክመው አመጡ። በሐምሌ የትነበርሽ ችግኞቹን ይዛ ስትመጣ ዘጠኙም ቤት ወስደዋል፤ ሁለት ቤት ተጨምሯል። በየአንዳንዱ ግቢ እየዞረች ቋጠሮውን በሰዎቹ ጣት አስነካች። ከዚያ ወዲህ ሳታስነካ ችግኝ ሰጥታ አታውቅም። የአያ ምንይችልም ዛፍ በደረት ቁመት ተቆርጦ፣ በአዳዲሶቹ ቡቃያዎቹ ላይ ኬንትና ኪት ተሰፍቶበታል።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ እጅጋየሁ እየሮጠች መጣች።

"አያ፣ ኑልኝ! አንዱ ማንጎ ታሟል። ከላይ ያሉት ቅጠሎች ገርጥተዋል፤ ከታች ግን የሚያምር ቀይ ቡቃያ አውጥቷል። እንዴት እንደሚያድግ ቢያዩት! ጤነኛው እርሱ ይመስለኛል። ያሉንን አልረሳሁም፤ ግን ጨከን ብዬ አንዱን መቁረጥ አቃተኝ።"

አያ ምንይችል ተከትለዋት ሄዱ። እውነቷን ነው፤ ቡቃያው ለስላሳ፣ ቀይ፣ በጠዋት ብርሃን የሚያበራ ነበር። ከላይ ያለው ቀጭን፣ ሦስት ቅጠል ብቻ ነው። ልክ ያን ጊዜ ያዩትን ይመስላል። ሽማግሌው ተንበረከኩ። ዓይናቸው ስለ ደከመ በጣታቸው ግንዱን ከላይ ወደ ታች ዳበሱ፤ የቋጠሮውን እብጠት አገኙት፤ ከእርሱ በታች ወረዱ።

"ያምራል" አሉ። "እኔንም ያታለለኝ ይኸው ነው።"

ቡቃያውን ቀነጠሱና ለእጅጋየሁ ፍየል ጣሉላት።